ሥራ ፈት ኮምፒዩተርን ሥራ ስለ ማስያዝ

በየቤታችን ያለው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ሥራ ፈትቶ ነው ቢባል ባለቤቱ ላያምን ይችላል። ደብዳቤ ስንጽፍበት ወይም የቤት ሥራችንን ስንሠራበት በሥራ የተጠመደ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ የሚሸጥ አንድ ተራ ኮምፒዩተር በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ስሌት ማካሄድ ሲችል፣ እጀ ፈጣን የሚባል ጸሓፊ በዚያችው ሰኮንድ የሚመታው ጥቂት ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ አንዱን ፊደል ተቀብሎ ሌላው እስኪመጣለት የሚጠብቀው ጊዜ ለእርሱ እንደ ረጅም ክረምት ነው። ለምሳ በተነሣን ጊዜማ ጭራሽ የሚሠራው የለውም።

ይህን ሲባክን የሚውል ጉልበት ሰብስቦ ለዕውቀት ማዋል ይቻላል ብለው የተነሡ ሰዎች ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጆርጅ ዎልትማን የተባሉ አሜሪካዊ፣ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር በሌላ የማይካፈሉ ታላላቅ ቁጥሮችን የሚፈልግ ማኅበር አቋቋሙ። አባል የሆነ ሰው ሁሉ በየቤቱ ባለው ኮምፒዩተር የተመደበለትን ቁጥር ይመረምራል። ማኅበሩ ዛሬም ሥራውን አላቋረጠም፤ በኦክቶበር 2024 የተገለጸው ቁጥር 41,024,320 አኀዝ ያለው ነው። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፎ ለመጨረስ የሚደፍር ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ለዚህ አሠራር ከደቦ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም። አዝመራው የደረሰበት ገበሬ ብቻውን አጭዶ ሊጨርሰው የማይችለውን ማሳ፣ ጎረቤቶቹ ማጭዳቸውን ይዘው መጥተው በአንድ ቀን ያነሡለታል። ሊቃውንቱም አንዱን ታላቅ ስሌት በብዙ ሺሕ ቁራሽ ይከፋፍሉትና እያንዳንዱን ቁራሽ በኢንተርኔት ወደ ፈቃደኛው ቤት ይልኩታል። የፈቃደኛው ኮምፒዩተር ቁራሹን ሠርቶ ውጤቱን ይመልሳል፤ ወዲያውም ሌላ ይጠይቃል። ልዩነቱ፣ በገበሬው ደቦ ጠላውና እንጀራው የባለማሳው ሲሆን፣ በዚህኛው ደቦ የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ለሥራ የመጣው ሰው ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ወላጆቻችን የሚሉት እንደሚኖራቸው ስለማውቅ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ደቦ በዓለም ዙሪያ ያስታወቀው በሜይ 17 ቀን 1999 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተከፈተው «ሴቲ አት ሆም» የሚባለው ምርምር ነው። ፖርቶ ሪኮ በምትባለው ደሴት፣ አረሲቦ በተባለ ስፍራ፣ ወርዱ 305 ሜትር የሆነ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ነበር። ይህ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚሰማው ድምፅ በቴፕ እየተቀዳ ወደ በርክሌይ ይላካል። እዚያም የ107 ሰኮንድ ርዝመት ባለው ቁራሽ ይከፋፈልና ለፈቃደኞች ይታደላል። ከሌላ ዓለም ፍጡር የተላከ ምልክት በውስጡ ይገኝ እንደ ሆነ የሚመረምረው የየሰዉ ኮምፒዩተር ነበር። ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተሳተፈበት። የተረጋገጠ ምልክት ግን አልተገኘም። በማርች 31 ቀን 2020 ዓ.ም. የበርክሌይ ሰዎች የተሰበሰበውን ውጤት ወደ መመርመሩ ለመዞር ሲሉ አዲስ ሥራ መላክ አቆሙ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 1 ቀን ደግሞ ከቴሌስኮፑ በላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የነበረው 900 ቶን የሚመዝን መሣሪያ ወድቆ ሳህኑን ሰበረው።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በዚያች ቀን በብዙ አገር፣ በብዙ ቤት ውስጥ፣ ኮምፒዩተሮች እንደ ልማዳቸው ሥራ ጠየቁ፤ የተሰጣቸው መልስ «ሥራ የለም» የሚል ነበር። ለሃያ ዓመት ያኽል ከአንድ ማሳ ላይ ብቻ ሲያጭድ የኖረ ሰው ማሳው ባለቀ ጊዜ ማጭዱን ይዞ መቆሙ ነው።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው መሣሪያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ዴቪድ አንደርሰን የተባሉት የበርክሌይ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ2002 ዓ.ም. «ቦይንክ» የተባለውን ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ። ቦይንክ ራሱ ምንም ምርምር አያደርግም፤ እንደ ደላላ ነው ቢባል ይቀላል። ከብዙ የምርምር ድርጅቶች ሥራ እየተቀበለ ለኮምፒዩተሩ ያድላል፣ ውጤቱን ይመልሳል፣ አንዱ ድርጅት ሥራ ባይኖረው ከሌላው ይጠይቃል። የሚሰጠውም በነጻ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በቤት ያለው ቦይንክ ለድርጅቱ ኮምፒዩተር «ይህን ያኽል ሰኮንድ የሚያሠራኝ ሥራ ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ሲሰጠው የመመለሻው ቀን አብሮ ይነገረዋል። ብዙዎቹ ድርጅቶች አንዱን ቁራሽ ለሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ይሰጡና ሁለቱ ውጤቶች ሲስማሙ ብቻ ይቀበሉታል፤ የተበላሸ ኮምፒዩተር ወይም አታላይ ሰው የሐሰት ውጤት ቢልክ በዚህ ይታወቃል። ለተሠራው ሥራ ነጥብ ይመዘገባል። ነጥቡ ዳቦ አይገዛም፤ ሆኖም በነጥብ ብዛት የሚፎካከሩ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም።

ሥራ ስለምን ይጠፋል? አብዛኛው ሰው ሥራው ከሰማይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ይመስለዋል። ነገር ግን ሥራውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ናቸው። አንድ ተመራማሪ ጥያቄውን አስቦ፣ ስሌቱን አሰናድቶ፣ ቆራርጦ ካላቀረበ የሚታደል ነገር አይኖርም። የቀድሞው ዙር ውጤት ተመርምሮ ሳያልቅም የሚቀጥለውን ዙር መጀመር የማይቻልበት ጊዜ አለ። ከዚህ ሌላ የድርጅቱ ኮምፒዩተር ይበላሻል፣ ማኅደሩ ይሞላል፣ ገንዘብ ያልቃል። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች እንደ እኛው ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መሆናቸውንም አንርሳ።

ስለዚህ ነገር በ2020 ዓ.ም. የሆነውን መተረክ ያስፈልጋል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ «ፎልዲንግ አት ሆም» የሚባል ምርምር አለ፤ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ ሲሆን የራሱ ፕሮግራም ስላለው በቦይንክ በኩል አይሠራም። የሚመረምረው ፕሮቲን የተባለው የሰውነታችን ንጥረ ነገር እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚንቀሳቀስ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የቫይረሱን ፕሮቲኖች ለመመርመር መነሣቱን ሲሰማ፣ በየአገሩ በቤቱ የተዘጋበት ሕዝብ ኮምፒዩተሩን ይዞ ጎረፈ። በማርች ወር ውስጥ የፈቃደኛው ቁጥር እጅግ ከመጨመሩ የተነሣ የተሰበሰበው ጉልበት በሰኮንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት ከሚሆነው ልክ አለፈ፤ ይህን ያኽል ጉልበት በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ያለ አንድም ታላቅ ኮምፒዩተር አልነበረውም። ይሁን እንጂ ሥራ አዳዮቹ ኮምፒዩተሮች ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አልበቁም። ሺሕ አጫጅ የተጠራበት ደቦ ላይ ማሳውን ከፍሎ የሚያሳይ ሰው ጥቂት ቢሆን እንደሚሆነው፣ ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን አብርቶ ሥራ ሳያገኝ ሰዓታት ይጠብቅ ነበር። ብዙዎቹ ተበሳጩ። በእኔ አስተያየት ግን የሚያሳዝን ነገር አልነበረም፤ ተጨማሪ ኮምፒዩተር ተተክሎ፣ ተጨማሪ ስሌት ተዘጋጅቶ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አብዛኛው ተስተካከለ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሥራው ሞልቶ ሳለ ለእኛ ኮምፒዩተር የሚስማማው ላይኖር ይችላል። አንዳንዱ ሥራ የሚሠራው ለሥዕል ማውጫ በተሠራው በግራፊክስ ካርድ ነው፤ አንዳንዱ በቤት ኮምፒዩተር ላይ የማይገኝ ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል። በጄኔቭ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው የአቶም ምርምር ጣቢያ ከሚያድለው ሥራ ውስጥ ቨርቹዋልቦክስ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነ የማይሠራ አለ። ይህን ሳይመለከቱ «ሥራ የለም» ብሎ ማማረር ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኮምፒዩተሩ ሥራ እንዳያጣ ማድረግ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ከአንድ በላይ በሆነ ድርጅት መመዝገብ፣ ሁለተኛው በቤት ውስጥ ጥቂት ሥራ በጎተራ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ ይበልጣል።

በብዙ ድርጅት የተመዘገበ ሰው ለእያንዳንዱ የድርሻ ቁጥር ይሰጣል። ሳይነካ የሚገኘው ቁጥር 100 ነው። አንዱን 300፣ ሌላውን 100 ያደረገ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ከጊዜው ሦስት አራተኛውን ለመጀመሪያው፣ አንድ አራተኛውን ለሁለተኛው ይሰጣል። ይህም በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም፤ ቦይንክ ሒሳቡን የሚያስተካክለው በብዙ ቀን ውስጥ ነው፤ በጠዋት አይቶ «አልታዘዘኝም» ማለት አይገባም። ትልቁ ብልሃት ግን ያለው ዜሮ በምትባለው ቁጥር ላይ ነው። ድርሻው ዜሮ የተደረገ ድርጅት እንደ ተጠባባቂ ተጫዋች ይቆጠራል፤ ሌሎቹ ሁሉ ሥራ ባጡ ጊዜ ብቻ ይጠራል፣ ሲጠራም ለጊዜው የሚበቃውን ብቻ ይሰጣል እንጂ በጎተራ አይከማችም። ስለዚህ የምንወደው ምርምር ሥራው የሚቆራረጥ ቢሆንም እንኳ እርሱን ዋና አድርጎ፣ ሥራ የማያጣ ሌላ ድርጅት በዜሮ ማስመዝገብ ነው።

የሚቆራረጠውና የማይቆራረጠው የትኛው ነው? በኦክስፎርድ የተጀመረው የአየር ጠባይ ምርምር፣ «ክላይሜት ፕሪዲክሽን» የሚባለው፣ ሥራው ሲገኝ አንዱ ቁራሽ ብዙ ቀን የሚፈጅ ነው፤ ረጅም ጊዜ ምንም ሳይሰጥ ይቆያል። በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ያለው «ሮዜታ አት ሆም» የፕሮቲን ምርምር ነው፤ በ2024 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ዴቪድ ቤከር ላቦራቶሪ የሚመራው ሲሆን፣ እርሱም ሥራው አንድ ጊዜ ይሞላል፣ አንድ ጊዜ ይደርቃል። «ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ» በ2004 ዓ.ም. በአይ ቢ ኤም ተቋቁሞ በኋላ በካናዳ ወደ ቶሮንቶ ወደሚገኝ የሕክምና ምርምር ተቋም የተዛወረ ነው፤ በዝውውሩ ጊዜ በ2022 ዓ.ም. ለብዙ ወራት ሥራ አልነበረውም። በተቃራኒው በ2005 ዓ.ም. የተከፈተው «አይንስታይን አት ሆም» ብዙ ጊዜ ሥራ ስለማያጣ ለተጠባባቂነት የሚመች ነው።

አይንስታይን አት ሆምን ተጠባባቂ ብቻ አድርጎ ማለፍም አይገባም። በ2010 ዓ.ም. አንዲት አዲስ ፐልሳር፣ ማለት በሰኮንድ ወደ 41 ጊዜ ያኽል የምትሽከረከር የሞተች ኮከብ፣ በዚሁ ምርምር ተገኝታለች። ያገኟት ኮምፒዩተሮች አንዱ በአሜሪካ አዮዋ ውስጥ ኤምስ በምትባል ከተማ፣ ሁለተኛው በጀርመን በማይንስ ነበሩ። ባለቤቶቹ የኮከብ ሊቃውንት አልነበሩም። የመረመሩትም የዚያኑ የአረሲቦ ቴሌስኮፕ ቅጂ ነው፤ እንግዲህ የፈረሰው መሣሪያ ድምፁ ብዙ ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ስለ ጎተራው ደግሞ ጥቂት ልጨምር። በቦይንክ ምርጫዎች ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው «ቢያንስ ይህን ያኽል ቀን የሚበቃ ሥራ አስቀምጥ» ሲል ሁለተኛው «ከዚያ በላይ ይህን ያኽል ቀን ጨምር» ይላል። ሳይነኩ የሚገኙት 0.1 ቀንና 0.5 ቀን ናቸው። ሥራው ከመጀመሪያው ቁጥር በታች ሲወርድ ቦይንክ ይጠይቅና እስከ ሁለቱ ድምር ድረስ ይሞላል።

ብዙ ጀማሪ እነዚህን ቁጥሮች ከፍ አድርጎ ዐሥር ቀን ይላል። ይህ ስስት ነው። ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። ኮምፒዩተሩ አራት ኮር አለው፣ አንዱ ቁራሽ በአንድ ኮር 8 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ሌሊትና ቀን ቢበራ አራቱ ኮሮች በቀን 96 ሰዓት ሥራ ይሠራሉ፤ ይህም 12 ቁራሽ ነው። በዐሥር ቀን 120 ቁራሽ ይሆናል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚበራው በቀን 6 ሰዓት ብቻ ቢሆን በቀን የሚጨርሰው 3 ቁራሽ ነው። የመመለሻው ቀን አንድ ሳምንት ከሆነ እስከዚያ የሚደርሱት 21 ብቻ ናቸው፤ 120 የወሰደ ሰው 99ኙን አበላሸ ማለት ነው። እርግጥ ቦይንክ ኮምፒዩተሩ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ እየመዘገበ ጥያቄውን ያስተካክላል፤ ይህን ለመማር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሳሳታል። ያልተመለሰውም ቁራሽ ቀኑ ሲያልፍ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ቀድሞ ሠርቶ የላከው ጓደኛው እስከዚያ ይጠብቃል፤ ተመራማሪውም ይጠብቃል።

እንደ እኛ አገር መብራትና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ስፍራ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል የሚሆን ሥራ ማስቀመጥ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ኢንተርኔት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ ያለውን ይሠራል፤ ሲመለስ ያስረክባል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ሥራው ሁሉ አይጠፋም፤ አብዛኛው ሥራ እየቆየ የደረሰበትን በዲስኩ ላይ ስለሚመዘግብ፣ የሚጠፋው ከመጨረሻው ምዝገባ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት በሚበዛበት ሰፈር አጫጭር ቁራሽ ያለውን፣ በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ የኦክስፎርዱን የመሰለ ረጅሙን አለመምረጥ ይሻላል።

«ሥራ የለም» የሚል መልስ በመጣ ጊዜ ቦይንክ የሚጠይቅበትን ጊዜ ራሱ እያራዘመ ይሄዳል። ይህ ስንፍና ሳይሆን ጨዋነት ነው፤ ሚሊዮን ኮምፒዩተር በየደቂቃው ቢለምን ሥራ አዳዩ ይወድቃል። የማደሻውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን የሌለን ሥራ አያመጣም።

ወላጆቻችን ስለሚጠይቁት ስለ መብራቱ ሒሳብ ቃል ገብቻለሁ። ኮምፒዩተር ሲሠራ ሥራ ከፈታበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ «ለማንኛውም በርቷል» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ተጨማሪው 60 ዋት ነው ብንልና በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 600 ዋት-ሰዓት፣ በወር 18 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። የቤት ታሪፋችን እንደ ፍጆታው መጠን በእርከን የሚያድግ ስለ ሆነ ይህ ቁጥር ቤተሰቡን ወደሚቀጥለው እርከን ያሻግር እንደ ሆነ ቆጣሪውን ማየት ያስፈልጋል። ከአቅም በላይ ከሆነ ከአራቱ ኮሮች አንዱን ብቻ ማሠራት፣ ወይም ሰው ኮምፒዩተሩን ለራሱ ጉዳይ ባበራበት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ መወሰን ይቻላል። ላፕቶፕም ሙቀቱ ስለሚጎዳው ይህንኑ ማድረግ ይበጀዋል። ቦይንክ በአንድሮይድ ስልክም ላይ አለ፤ ያም ቢሆን ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ በዋይ ፋይ ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። በሞባይል ጥቅል ኢንተርኔት ለሚጠቀም ቤት ግን ጠቅላላውን ነገር እንዲጀምር አልመክርም።

የራስ ባልሆነ ኮምፒዩተር ላይ ይህን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ መጫን ነውር ነው። የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪም የሚመለከተው ዲሬክተራችንን ነው።

አንድ መምህራችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይተው «ታዲያ ኮምፒዩተሩ አንድ ሌሊት ሥራ ቢያጣ ማን ይጎዳል?» ብለው ጠይቀውኛል። ማንም አይጎዳም። እንዲያውም ነጥብ ለመሰብሰብ ሲሉ ምንም ይሁን ምን ሥራ ይገኝ እንጂ የሚሉ ሰዎች ደቦውን ወደ ውርርድ የለወጡት ይመስለኛል። የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ሥራ ባጣ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ፕሮግራሙን የሚያጠፋ ሰው፣ ሥራው በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ የለም። ተጠባባቂ ድርጅት ያስመዘገበ ግን ሳያስበው ይቆያል፤ የሚወደው ምርምር ሥራ ባቀረበ ሰዓት ኮምፒዩተሩ በቦታው ይገኛል።

በመጨረሻ፣ ክረምት ሲገባ ወደ ዘመድ አገር የሚሄድ ወይም ኮምፒዩተሩን የሚሸጥ ተማሪ፣ ከመሄዱ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ በየድርጅቱ ስም ላይ «አዲስ ሥራ አትቀበል» የሚለውን ትእዛዝ ይስጥ። በእጁ ያሉት ቁራሾች እየተሠሩ ይላካሉ። የሥራው ዝርዝር ባዶ መሆኑን፣ የመጨረሻውም ውጤት መድረሱን አይቶ ኮምፒዩተሩን ያጥፋ።